ለእኅትህ አታንብብላት

ጎሬ፣ ግንቦት 18 ቀን 1918 ዓ.ም.

ይድረስ ለሀረገወይን፣

ከበደሌ የላክሽው ቃል ደርሶኛል። ነጋዴው ግማሹን መንገድ ላይ ረስቶታል፤ የቀረው ግማሽ ግን ሁሉም ትእዛዝ ነው። ስለዚህ አንቺ ደህና መሆንሽን ዐወቅሁ። እኛም ተመስገን፣ ጎሬ እንዳለች አለን።

የጠየቅሽውን በተራ ልመልስ። አዎ፣ ይበላሉ። ሽሮውን አበባየሁ ትሠራለች፤ ዐሥራ አንድ ዓመት ለሞላት ልጅ መጥፎ አይደለም፤ ሁለቴ ብቻ አሳርራዋለች። አሰፋ ቄስ ትምህርት ቤት ይሄዳል። ይሄዳል ማለት ከቤት ይወጣል፤ ከዚያ ወዲያ የት እንደሚውል መላእክት ያውቃሉ። የሴቶቹን ጠጉር የሚሠሩልን እትዬ ወርቅውሃ ናቸው። ጎረቤት ይባረክ።

ጠዋት ጠዋት እኔን ብታዪኝ ሆድሽን ይዘሽ ትስቂ ነበር። አንዱን ሳለብስ አንዷ ታወልቃለች። አሰፋ ነጠላዬን አጣሁ ብሎ ቤቱን ሲያምስ ምንዳዬ ነጠላውን ለብሳ ከጓሮ ከዶሮዎቹ ጋር ትገኛለች። ነጋዴው ቡናውን ጭኖ ኬላው ደጃፍ ተሰልፎ "ጸሐፊው የት ቀረ?" ይላል፤ ጸሐፊው እቤቱ የአምስት ዓመት ልጅ አፍንጫ ይጠርጋል። አንቺ ዐሥራ ሁለት ዓመት ይህን ሁሉ ብቻሽን ስትሠሪ፣ እኔ ቁርስ ዘገየ ብዬ እቆጣ እንደ ነበር አሁን ትዝ ብሎኝ ዐፈርሁ። ለማንም እንዳትነግሪ።

ምንዳዬ ሦስት ቀን አለቀሰችብሽ፤ ከዚያ ተወችው። አሮጌ መቀነትሽን ከሣጥን አውጥታ እየጎተተች ትዞራለች። እንቅልፍ ሲመጣባት ያንቺን ጆሮ ትይዝ አልነበር? አሁን የኔን ይዛለች። ዐይኗ እስኪከደን መነቃነቅ የለም። "ጆሮህ ጠጉር አለው፤ የእማማ ይሻላል" ብላ ደግሞ ትወቅሰኛለች። ከጎረቤት ልጆች ጋር እየዋለች አማርኛዋን ትታዋለች፤ "ና" ማለት ቀርቶ "ኮቱ" ሆኗል። "አባባ፣ ኮቱ!" ካለች ተነሥቶ መሄድ ነው፤ ሌላ መልስ አትቀበልም።

ያ ሳሏ እንዳለ ነው፤ አልባሰም አልተሻለም። አታስቢ። አንቺ እናትሽን አስታሚ። ምንዳዬን እንደ ተውሽልኝ አድርጌ አስረክብሻለሁ። ይኸው በጽሑፍ ሰጠሁሽ፤ ጸሐፊ የጻፈውን አይክድም።

ባልሽ ደርበው


አዲስ አበባ፣ ሰኔ 20 ቀን 1918 ዓ.ም.

ለአቶ ደርበው፣

ከደጅዎ ቆሜ ጤናዎን እንደምጠይቅ ይቁጠሩልኝ። ይህን የሚጽፍልኝ ወንድሜ ሸዋንግዛው ነው። የእርስዎንም ያነበበልኝ እሱ ነው፤ እየሳቀ ነው ያነበበው። እናቴ እንኳ ከተኛችበት ሆና ስለ ዶሮዎቹ ስትሰማ ፈገግ አለች። ግማሽ አካሏ አይታዘዛትም፤ የምታጎርሳት እኔ ነኝ። እናቴን እንደ ልጅ እያጎረስሁ ልጆቼን ሰው ያጎርሳቸዋል። የእግዜር ሥራ እንዲህ ነው።

ስለ ምንዳዬ ሳል የጻፉትን ሁለቴ አስነበብሁት። አልባሰም አልተሻለም ማለት ምን ማለት ነው? የሰው ቡና ሲሆን ሚዛኑን በፈረሱላ ከነእርጥበቱ ይጽፋሉ፤ የልጄ ደረት ሲሆን ግን በአንድ መስመር አለፉት። ሌሊት ያስላታል ወይስ ቀን? ስትስል ፊቷ ይጠቁራል?

አንድ ነገር ብቻ እለምንዎታለሁ። ዝናብ እንዳያገኛት። ስነሣም በሩ ላይ ቆሜ ነግሬዎታለሁ፤ እሺ እያሉ በቅሎዋን ሲያስጭኑ ነበርና የሰሙኝ አልመሰለኝም። የጎሬን ዝናብ ያውቁታል። ከቤት አትውጣ፤ ኬላም ተከትላዎት አትምጣ። ባሮ ሞልቶ መርከቡ ጋምቤላ ሲደርስ እርስዎን ሰው እንደማያገኝዎት ዐውቃለሁ፤ ዐሥራ ሁለት ክረምት አይቼዋለሁ። ስለዚህ ለእትዬ ወርቅውሃ አደራ ይበሉልኝ። ነጭ ሽንኩርትና ማሩን እሳቸው ያውቃሉ።

እኔ በርሬ ብመጣ ደስ ባለኝ ነበር። ግን የዴዴሳና የገባ ወንዞች ሞልተዋል፤ ሸዋንግዛውም ከመስቀል በፊት ንቅንቅ አትዪም ብሎኛል። ለምንዳዬ ቀሚስ እየሰፋሁላት ነው፤ ታድጋለች ብዬ ሰፋ አድርጌ ቆርጬዋለሁ።

ማዘዜን ይቅር ይበሉኝ። ከዚህ ሆኜ ማዘዝ ብቻ ነው የምችለው።

ሀረገወይን


ጎሬ፣ ሐምሌ 28 ቀን 1918 ዓ.ም.

ይድረስ ለሀረገወይን፣

ደብዳቤሽ ሐምሌ 24 ቀን ደርሶኛል። እናትሽን እግዚአብሔር ይማርልሽ። እኛ አለን። አበባየሁ ደህና ናት፤ አሰፋ ደህና ነው። ዝናቡ በርትቷል።

ሥራ በዝቶብኝ ብዙ አልጽፍም፤ ይቅር በይኝ። ለመምጣት እንዳትቸኩዪ፤ ወንዙ ይጉደል። ስትመጪም ብቻሽን አትምጪ፤ ሸዋንግዛው እስከ ቤት ያድርስሽ። ለእሱ ስለ በቅሎ የጻፍሁለት ትንሽ ወረቀት በዚህ ውስጥ ታጥፋለች፤ ስጪው።

ደርበው


በዚሁ ደብዳቤ ውስጥ የታጠፈች ቁራጭ ወረቀት፣

ወንድሜ ሸዋንግዛው፣ ይህን ለእኅትህ አታንብብላት። ምንዳዬ ሐምሌ 21 ቀን ሞታብናለች። ዝናብ መታት፤ ሳሉ ደረቷን ዘጋው፤ በሦስተኛው ቀን ጠዋት ዐረፈች። ማርያም ቀበርናት። እንዳትወጣ የሚለው ደብዳቤ በእጄ የገባው ከተቀበረች በሦስተኛው ቀን ነው።

መርዶ በወረቀት አይነገርም፤ ይህን አንተም ታውቃለህ። ያውም ታማሚ አጠገብ ተቀምጣ፣ ከፊቷ የሃያ አምስት ቀን መንገድ እያለ። ቤቷ ገብታ፣ ወዳጅ ጎረቤት ከብቧት፣ በጠዋት ይነገራታል። እስከዚያ ምንም እንዳታውቅ አደራህን። እኔም እንደ ወትሮው እጽፍላታለሁ።


አዲስ አበባ፣ መስከረም 6 ቀን 1919 ዓ.ም.

ለአቶ ደርበው፣

ዘመን ተለውጧል፤ እንኳን አደረሰዎ። ሸዋንግዛው ለሥራ ደብረ ብርሃን ስለ ሄደ ደብዳቤዎን ያነበቡልኝ ጎረቤታችን የኔታ ገብረ ሥላሴ ናቸው። ይህንንም የሚጽፉልኝ እሳቸው ናቸው። ዐይናቸው ደክሟል፤ ፊደሉ ቢጣመም አይፍረዱባቸው። ለወንድሜ የላኳትን የበቅሎ ወረቀት እንደ ታጠፈች ሣጥኑ ውስጥ አስቀምጬለታለሁ፤ አይሥጉ።

እናቴ ጳጉሜን 3 ቀን ዐረፈች፤ ሸዋንግዛው ለቀብሯ እንኳ አልደረሰም። ይህን በወረቀት መንገሬን ይቅር ይበሉኝ። ጠጉሬን ተላጭቻለሁ። ፊቴንም ነጭቼዋለሁ። ለቀስተኛው "አሮጊት እናት ሞተች ብሎ እንዲህ የሚሆን ሰው አላየንም" እያለ ተገረመብኝ። ይገረም።

እርስዎ በደብዳቤዎ አበባየሁ ደህና ናት አሉኝ፤ አሰፋም ደህና ነው አሉኝ። ምንዳዬን ረሷት። ሥራ በዝቶብዎት ነው። አሁን መርከቡ ተመልሶ ኬላው ቀዝቅዟልና ስለ ምንዳዬ ይጻፉልኝ። ረጅም አድርገው ይጻፉ። ሳሏስ እንዴት ሆነ? ምን በላች? ምን አለች? ማንን መታች? የሌሎቹን ስመጣ አየዋለሁ፤ የእሷን ግን አንድም ሳያስቀሩ ይጻፉልኝ። የእናቴን አርባ አውጥቼ ኅዳር መባቻ ላይ እነሣለሁ፤ ደብዳቤዎን ሳልሰማ ግን አልነሣም።

ቀሚሷ አልቋል።

ሀረገወይን


ጎሬ፣ ጥቅምት 5 ቀን 1919 ዓ.ም.

ይድረስ ለሀረገወይን፣

እናትሽን ነፍስ ይማር። አጠገብሽ ሆኜ አለማልቀሴ ቆጭቶኛል።

ስለ ምንዳዬ ጠየቅሽኝ። ሳሏ ለቋታል። አሁን ፈጽሞ አታስልም።

ምን ልንገርሽ? ዶሮዎቹን ሁሉ ስም አውጥታላቸዋለች። ቀዩን አውራ ዶሮ በኬላው አለቃ ስም ነው የምትጠራው፤ ሰው እንዳይሰማ እፈራለሁ። ከአሰፋ ጋር ይጣላሉ። መቀነትሽን ወገቧ ላይ ሰባት ጊዜ ትጠመጥመውና "እኔ እማማ ነኝ፤ ተቀመጡ፤ ብሉ" ትላቸዋለች። እኔንም ታስቀምጠኛለች። እንጀራው ሲያልቅ "ጨምሩ አይባልም፣ ጎረቤት አለ" ትላለች፤ ቁርጥ ያንቺን ድምፅ አድርጋ።

ባለፈው ሳምንት የፊት ጥርሷ ወለቀ። የታችኛው ነው። አላለቀሰችም። በክር አስሬ ልጎትተው ስል ሸሸችኝ፤ ኋላ ራሷ ነቅላ በመዳፏ ይዛው መጣች። ጣሪያው ላይ ወረወርነው። መጀመሪያ አልደረሰላትምና ትከሻዬ ላይ ተሸክሜ አስወረወርኋት። አሁን ስትስቅ ምላሷ በቀዳዳው ይታያል። "ሰ" ማለት አቅቷት አሰፋን ስትጠራው ይስቅባታል።

ይገርምሻል፣ እነዚህን ነገሮች ስጽፍልሽ ቀና ብዬ ያየኋቸው ገና አሁን ይመስለኛል። መቀነቱንም ዶሮዎቹንም ድሮም በዐይኔ አይቻቸዋለሁ። አላስተዋልኋቸውም። ልጅ ሁልጊዜ ያለ ነገር ይመስላል።

አበባየሁ ሽሮ ማሳረር ትታለች። ዝም ማለት አብዝታለች። አሰፋ ሰማዩ ሲያስገመግም ደጅ ደጁን ያያል፤ ትምህርት ቤትም አንድ ቀን አልቀረም። አንቺ ስትመጪ ይሻላቸዋል።

መቱ ስትደርሺ ሰው ላኪብኝ። እትዬ ወርቅውሃና ሌሎችም ሊቀበሉሽ ወጣ ይላሉ።

ደርበው


መቱ፣ ታኅሣሥ 4 ቀን 1919 ዓ.ም.

ደርበው፣

ዛሬ አንተ እልሃለሁ። ቅር ካለህ ቅር ይበልህ።

የገባን ወንዝ ተሻግረን ትናንት መቱ ደርሰናል። ጎሬ የአንድ ቀን መንገድ ነው፤ ተራራው ከዚህ ይታየኛል። ግን አልመጣም። ይህን የሚጽፈው ሸዋንግዛው ነው። አላወቀችም ብሎ ሁለት ወር ከእኔ ጋር ሲሥቅ ሲጫወት ኖሯል፤ አሁን ስነግረው ብዕሩን ሁለቴ ጥሎ አነሣው። ፊደሉ ቢጣመም በእሱም አትፍረድ።

ልትቀበሉኝ የተሰናዳችሁትን ዐውቃለሁ። እትዬ ወርቅውሃ ነጠላቸውን ዘቅዝቀው ከፊት፣ ቄሱ ከኋላ፣ አንተ ደግሞ አንገትህን ደፍተህ። አትድከሙ። እኔ መርዶዬን ነሐሴ 29 ቀን ሰምቻለሁ።

የኔታ ገብረ ሥላሴ ወረቀቱን ዐይናቸው ላይ ለጥፈው ፊደል በፊደል ነው የሚያነቡት። ፊደሉን ለማግኘት ሲታገሉ የሚሉትን አይሰሙትም። ደብዳቤህን ጨረሱና ቁራጯን ዘርግተው ቀጠሉ፤ የደብዳቤው ጭራ መስሏቸው። "ይህን… ለእኅትህ… አታንብብላት" ብለው ጮክ ብለው አነበቡልኝና ቀጠሉ። "ምንዳዬ" ሲሉ ደስ ብሎኝ ጠጋ አልሁ። በደብዳቤው ውስጥ ስሟን አጥቼ ሆዴ ባብቶ ነበርና፣ ይኸው አልረሳትም አልሁ። ጠጋ ያልሁት ለዚያ ነው፣ ደርበው። ሽማግሌው ያሉትን የተረዱት ቀና ብለው ፊቴን ሲያዩ ነው። አሁን ድረስ ንስሐ ስጡኝ እያሉ ቄስ ያስቸግራሉ። ኃጢአት የለባቸውም። የተጻፈ ነው ያነበቡት።

እንዳይነግሩ አስምዬ ቁራጯን መልሼ አጠፍሁና ሣጥኑ ውስጥ አኖርሁ። እናቴ ስትሞት ለሁለቱም አንድ ላይ አለቀስሁ። የማለቅሰውን ማን ለየው?

ስለ ምንዳዬ ጻፍልኝ ያልሁህ ለምን ይመስልሃል? በቁጣ ነው። ውሸቱ ጉሮሮህ ላይ ይቁም ብዬ ነው። ስለ እሷ አንድ መስመር መጻፍ ሲያቅትህ ማየት ፈልጌ ነበር። አንተ ግን ሁለት ገጽ ጻፍህ። ሸዋንግዛው በሌለበት የኔታ እያነቡልኝ ያለቅሳሉ፤ እኔ ደግሞ ድገሙት እላለሁ። ጥርሷ ወለቀ አልህ። ልጄ ጥርሷ ሳይወልቅ ነው የሞተችው፤ አንተ ግን ትከሻህ ላይ አድርገህ አስወረወርሃት፤ እኔም ሲወድቅ ሰማሁት። አንድ ወር ሙሉ በበቅሎ ላይ ሆኜ "ሰ" ማለት አቅቷት ስትኮላተፍ እሰማታለሁ። ልጠላህ አስቤ ነበር፤ እሱንም በደንብ አላስቻልኸኝም።

ነገር ግን እንደ ተውሽልኝ አስረክብሻለሁ ብለህ ጽፈህልኛል። ጸሐፊ የጻፈውን አይክድም ብለሃል። ያቺ ቁራጭ "ዝናብ መታት" ነው የምትለው። ቤት ውስጥ ዝናብ አይመታም። ማን አወጣት? የት ሄዳ ነበር? አንተ የት ነበርህ? ይህን ሳትነግረኝ ያ ቤት አልገባም። የእግዜር ቁጣ ነው፣ ቀኗ ደርሶ ነው የሚለውን ከሰው ሁሉ ሰምቼዋለሁ፤ ያንን አትጻፍልኝ።

ቀሚሷን ይዤዋለሁ። ለማን እንደምሰጠው አላውቅም።

ሀረገወይን


ጎሬ፣ ታኅሣሥ 5 ቀን 1919 ዓ.ም.

ሀረገወይን፣

ይህን ደብዳቤ ለሰው አልሰጥም። ሸዋንግዛው ወንድሜ ነው፤ ይህን ግን እሱም አያነብልሽም። አንድ ጊዜ በሰው አፍ ሰማሽው፤ ይበቃል። ጽፌ ስጨርስ ልጆቹን ይዤ እነሣለሁ፤ መቱ ስደርስ በራሴ አፍ አነብልሻለሁ። ቀድሜ የምጽፈው ፊትሽ ስቆም ምላሴ ሌላ ነገር እንዳይፈልግ ነው።

ሐምሌ 18 ቀን ነው። መርከቡ ጋምቤላ ደርሷል ተብሎ ነጋዴው ሁሉ በአንድ ቀን በቡሬ በኩል ወደዚያ ሊወርድ ተነሣ። የኬላው ግቢ በበቅሎ ተሞላ። ጠዋት ሳልቀምስ ነበር የወጣሁት። እትዬ ወርቅውሃ ገበያ ሄደዋል፤ አበባየሁ ውሃ ወርዳለች፤ አሰፋን በር ላይ ሆነህ እኅትህን ጠብቅ ብዬው ነበር። አሰፋ ሰባት ዓመቱ ነው፤ ለጨዋታ ዞር አለ። እስከ ዛሬ በእኔ ነው ይላል። በእሱ አይደለም፤ ይህንን አንቺም ንገሪልኝ።

እኩለ ቀን ላይ መጣች። ዝናቡ ገና አልጀመረም ነበር፤ ደርቃ ነው የደረሰችው። መቀነትሽን ራሷ ላይ ጠምጥማዋለች። በበቅሎዎቹና በሰዉ እግር መሀል ሾልካ ጭኔ ላይ ወጣችና ጆሮዬን ያዘች። "አባባ፣ ኮቱ" አለችኝ። ምሳ መድረሱ ነው። ሳልበላ መውጣቴን አይታለች።

ነጋዴዎቹ ሣቁ። አንዱ "ጸሐፊያችን ሞግዚት ሆነ?" አለ። ዐፈርሁ። ከዚያ ሁሉ ሰው መሀል ያለ እኔ ማንንም አልፈለገችም፤ እኔ ግን ዐፈርሁባት። እጇን ከጆሮዬ ላይ አነሣሁ። ከጭኔ አወረድኋት። ሰማዩ መጥቆሩን አይቻለሁ፤ አላየሁም ብዬ አልዋሽሽም። "ሂጂ ወደ ቤት" አልኋት። ከጆንያዎቹ አጠገብ ላስቀምጣት እችል ነበር፤ ቦታ ነበረ። ሰው ላስከትላት እችል ነበር፤ ሰውም ነበረ። አንድ ጊዜ ዞር ብላ አየችኝና ሄደች። ዝናቡ ሲወርድ ጫጫታው ድምፄን ስለ ዋጠው ጮክ ብዬ ሚዛኑን መጥራት ቀጠልሁ።

እትዬ ወርቅውሃ ከገበያ ሲመለሱ ዋርካው ሥር ቆማ አገኟት። መጠለሏ ነበር። መቀነትሽ ውሃ ጠጥቶ ከብዷት መሬት ለመሬት ትጎትተዋለች።

ማን አወጣት ብለሽኛል። እኔ ነኝ ያወጣኋት። ስለ ጥርሷ የጻፍሁትም ስለ አውራ ዶሮው የጻፍሁትም ውሸት ነው፤ ይህ ግን እውነት ነው፤ አልክደውም።

ሦስቱን ቀን ከአጠገቧ አልተነሣሁም። ኬላው ይፍረስ ብዬ ተቀመጥሁ። እንቅልፍ ሲወስዳት እንደ ልማዷ ትይዘኝ ይሆን ብዬ ጎንበስ ብዬ ጆሮዬን እሰጣት ነበር። እጇን አንሥቼ ራሴ አስያዝኋት። አልጨበጠችውም።

በቅሎዋ ተጭናለች። አሰፋ መቀነትሽን አጥፎ ይዞታል፤ አበባየሁ የመንገድ ስንቅ አሥራለች። ይህን አንብቤልሽ ስጨርስ ዝም እላለሁ። ከዚያ በኋላ የምትናገሪው አንቺ ነሽ።

ደርበው